ከኪስ የተገኘ

ሟቹን መጀመሪያ ያየችው ደብተር የምትጠርዘው ሠራተኛ ናት። ሦስት ሰዓት ላይ ገብታ መብራት ስታበራ፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከወረቀት መቁረጫው ማሽን ሥር ተዘርግቷል። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ደወለልን። እኔና ሳጅኑ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ሳጅኑን ጣቢያው በሙሉ «ይሁና» ነው የሚለው። ፈቃድህ ተሰርዟል ሲሉት «ይሁና»፣ ዛሬም አንተ ነህ ተረኛው ሲሉት «ይሁና»። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በማዕረግ እበልጠዋለሁ፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

«ማዕዘኑ ላይ ደም አለ» አለኝ ጎንበስ ብሎ። «የመታው ይሄ ብረት ነው። ራሱ ወደቀ ወይስ ተገፈተረ፣ እሱን ነው የማላውቀው።»

አጠገቡ ተንበረከክሁ። ፀጉሩ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ ሥሩ ላይ ግን የጣት ጥፍር ያህል ነጭ ወጥቷል። ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ርሷል። ውሃ መስሎኝ ነካሁት። ላብ ነው። ክፍሉ ደግሞ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል።

ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ተገልብጦ ውሃው ወረቀቱን አበላሽቶታል። ውሃው መሃል አንዲት ቡናማ ትንሽ ፖስታ ርሳ ተኝታለች። በእስክሪብቶ የተጻፈባት ግማሹ ለቋል፤ «ከኪስ የተገኘ» የሚለው ግን ይነበባል። ውስጧ እንደ ረጠበ ጠመኔ ያለ ነጭ ነገር ተላቁጧል።

«የላውንደሪዋ ፖስታ ናት» አለ ይሁና።

ሁላችንም እናውቃታለን። ጥግ ላይ ያለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት ናት፤ የሰፈሩ ልብስ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል፣ ያን ቀን የለበስኩት የደንብ ልብስ ኮት ሳይቀር። ኪስ ውስጥ ያገኘችውን ነገር፣ ቁልፍም ይሁን ቲኬት፣ በዚህች ፖስታ አድርጋ ማንጠልጠያው ላይ በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች። የሰው ነገር ጠፍቶባት አያውቅም።

የሟቹ ኮት ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። የላውንደሪው ቁጥር ገና ከቁልፍ ቀዳዳው ላይ አልተነሳም።

«ነጩን ነገር ለላቦራቶሪ ያዘው» አልኩት።

«ይሁና።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ እንጂ እንዲታዘንልኝ አይደለም። ስኳር አለብኝ። አራት ዓመት ሆነኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። በየዓመቱ የምንሞላው ቅጽ ላይ «የሚታወቅ ሕመም አለብዎት?» የሚል አለ፤ እኔ አራት ጊዜ «የለም» ብዬ ፈርሜበታለሁ። «አለ» ያለ ሰው ከመስክ ተነስቶ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሴት ነኝ። በር ከመጠበቅ ተነስቼ እዚህ የደረስኩት በእግሬ ነው። መዝገብ ቤት ገብቼ የማላነበውን ፋይል ላቅፍ?

ስለዚህ መድኃኒቴን ራቅ ካለ ሰፈር እገዛለሁ። ካርቶኑን እጥላለሁ፣ የሁለት ሳምንቱን በወረቀት ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ እከታለሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሳላይ በጣቴ አውጥቼ መዋጥ ለምጄአለሁ። ያን ቀን ጠዋትም ውጬ ነበር የመጣሁት።

*

ሚስቱ በሩን የከፈተችልን ልጇን አቅፋ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እሱ ስድሳ አንድ ነበር። ልጅቷ የዘጠኝ ወር ናት። የሚስቲቱ እናትም እዚያው ይኖራሉ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ።

ነገርኳት። ይሄን ነገር የሚያሳምር አነጋገር ስለሌለ አላሳመርኩትም። ቁጭ አለች። እናትየው ሹራቡን ጣሉትና ልጅቷን ተቀበሏት።

ትንሽ ጠብቄ፣ «ኪኒን ይወስድ ነበር?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «የሕመም አይደለም። የ... እንዳያረጅ ነው።»

«እንዳያረጅ?»

«ዕድሜ ያዘገያል ብለውት ነው። ሦስት ሦስት፣ በባዶ ሆዱ። የሚበላው ደግሞ በቀን አንዴ ነው፣ ማታ ብቻ። ሆድ ሲራብ ሰውነት ራሱን ያድሳል ይላል። ከእኔ የደበቀ መስሎት በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይይዘዋል። እኔም እንዳላወቀ ሰው ዝም አልኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጅቷን አቅፎ መንገድ ላይ ሲሄድ አንዱ ‹የልጅ ልጅህ ናት?› ብሎ ጠየቀው። ከዚያን ቀን ጀምሮ።»

እናትየው ከሶፋው ላይ ቀስ ብለው አጉረመረሙ። «ከእኔ በሁለት ዓመት ነው የሚያንሰው። ‹እማማ› ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር። እኔ እንኳ ልለው የሚገባኝ ‹ወንድሜ› ነው።»

ይሁና ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ጎረቤታችሁ ዛሬ ጠዋት ጩኸት ሰምቷል» አልኳት።

«ቁርስ ብላ ብዬ ነው የጀመርኩት። አልበላም አለኝ። እጁ እየቀጠነ፣ ፊቱ እየገረጣ... ተናደድኩና ‹ሽማግሌ› አልኩት።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሌላ ምንም አላልኩትም። የመጨረሻዋ ቃሌ እሷ ናት።»

ልንወጣ ስንነሳ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። የእናትየው የመድኃኒት ካርቶን ነው። ማንበብ አላስፈለገኝም። ቀለሙን አውቀዋለሁ። ከእኔው ጋር አንድ ነው።



*

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ አስጠራን። ገና ልጅ እግር ነው፤ ሲናገር ግን እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ይላል።

«ሟቹ ስኳር ነበረበት?»

«የለበትም» አለ ይሁና። «ሚስቱን ጠይቀናል።»

«ደሙ ውስጥም፣ ፖስታው ውስጥም ያለው የስኳር መድኃኒት ነው።» ስሙን ጠራው። «ስኳር የሌለበት ሰው በባዶ ሆዱ ሦስት ፍሬ ቢውጥ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይጨልምበታል። ብቻውን ከሆነ ደግሞ ይወድቃል። የገደለው የማሽኑ ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ላይ የጣለው ግን ኪኒኑ ነው።»

ያንን ላብ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ምሳ ሳልበላ ውዬ እንደዚያው አድርጎኝ ያውቃል። በዚያ ክፍል ውስጥ ይሄን በሰውነቷ የምታውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እናም የበለጥኳቸው መሰለኝ። ሐሳቤ ቀጥ ብሎ ወደዚያ መደርደሪያ ሄደ።

«ዶክተር፣ ውሃ ይኖራል?»

ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ ሦስተኛውን ስጠይቅ፣ «ጨው ቅመው ነው እንዴ የመጡት?» አለኝ።

*

መንገዳችን ላይ ስለሆነች ላውንደሪዋ ጋ ገባን። እንፋሎቱ መስኮቱን አልብሶታል። እሷ ሸሚዝ ላይ ጎንበስ ብላ ትተኩሳለች። የዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ክንዷ ከእኔ ጭን ይወፍራል።

«የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ኮት ውስጥ ኪኒን አግኝተሻል?»

«አግኝቻለሁ፣ ነፍሱን ይማረው። በወረቀት የተጠቀለለ ነው። ያን ሰሞን ዝናብ ስለነበረ ልብሱ ሁሉ ርሶ ነው የሚመጣው። ወረቀቱ ተበጣጥሶ ስላገኘሁት ጣልኩትና ኪኒኑን ፖስታ ውስጥ አደረግሁት።»

«ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«ከእኔ ሌላ ማን አለ? ግን ያን ቀን...» አለችና ቀና ብላ ይሁናን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

«ግን ምን?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነበር ልልሽ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ «ግን» አላሳልፍም። ሰው አፉ ላይ የያዘውን ነገር እስኪተፋ ግማሽ ቀን መቆም የምችል ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን የምፈልገውን አግኝቼ ነበር፤ ኪኒኑ ከዚህ ሲወጣ ደህና ነበር፣ የተለወጠው ቤት ውስጥ ነው። ወጣሁ።

ቤታቸው ሄጄ የእናትየውን ኪኒን ቆጠርኩ። የተገዛበት ቀን ተጽፏል፣ በቀን ሁለት ነው የሚወስዱት። ሰባት ይጎድላል።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አሉ አሮጊቷ። «ይወድቅብኛል። አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ መፈለግ አልችልም።»

«አንዳንዴ እኔ ነኝ የማነሳላት» አለች ልጃቸው፣ ለመርዳት ብላ።

በዚያች ቃሏ ያዝኳት።

ጣቢያ ወስጄ ቅጹን የሞላሁት ራሴ ነኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ። «የሚታወቅ ሕመም አለብሽ?»

«የለብኝም። ግን አጠባለሁ።»

«ለእሱ ቦታ የለውም» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት።

ልጅቷን በቀን ሦስቴ እንዲያመጡላት ለመነችኝ። አንዴ ብቻ ፈቀድኩ። ማግስቱን በመስኮቱ ሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሸሚዟን በፎጣ ትጠርጋለች። ወተቱ ፈስሶ ነው። ይሁናም ከኋላዬ መጥቶ አየ። «ይሁና» ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አላለም።

*

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አልተመቹኝም። ውሃ አልጠግብ አልኩ። ስብሰባ መሃል ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሽንት ቤት ሄድኩ። መዝገብ ስከፍት ፊደሉ ይዋኛል። መነጽር ሊያስፈልገኝ ነው አልኩ። ሥራው ነው የከበደኝ አልኩ። ኪኒኔን እንደሆነ አላቋረጥኩም፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ኪሴ እርጥብ ድርቆሽ ድርቆሽ ይለኛል። ላውንደሪዋ ሳሙና ቀይራ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በስድስተኛው ቀን አለቃዬ፣ «መዝገቡን ከነገ ወዲያ ለዐቃቤ ሕግ አሳልፊ» አለኝ።

«ሚስቱ የጠቆመችንን፣ የእንዳያረጅ ኪኒኑን የሚሸጥለትን ሰው ቃሉን አልተቀበልነውም» አለ ይሁና።

«ምን ያደርግልናል?» አልኩት። «የሻጩ ኪኒን ሟቹ ጋ አልተገኘም።»

«እኮ» አለ። «የት ገባ? ሰውዬው በየቀኑ የሚወስደው ነገር ነው። ኪሱ ውስጥ የእሷ እናት መድኃኒት ከተገኘ፣ የእሱ የራሱ የት ገባ?»

«ጥላዋለች ነዋ።»

«ይሁና» አለ። ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ ያላመነ ሰው «ይሁና» ነው።

ብቻዬን ሄድኩ። ለመዝገቡ መሙያ ያህል ብዬ።

*

ሻጩ ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያ ጠርሙስ ተደርድሯል። የራሱ ፊት እንዳልተተኮሰ ሸሚዝ ተጨማዷል።

«እርስዎም ይወስዳሉ?» አልኩት።

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።»

ፊቱን አየሁት።

«ባልወስድስ እንዴት እሆን ነበር? እሱን ያስቡት» አለኝ።

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር። እሱም ራሱ አልሳቀም። ወንበር ሳበልኝና ተቀመጠ።

«ደንበኛዬ ነበር» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን አስታውሰዋለሁ። ‹ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት መቆም አለብኝ› ነው ያለኝ። ይሄ ኪኒን ያንን አያደርግም ልለው ይገባ ነበር። የቅጠል ዱቄት ነው፣ በቃ። እንደማይጎዳ አውቃለሁ፤ እንደሚሠራ አላውቅም። ይሄ ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ጦሙን ዋል ያልኩትም እኔ ነኝ። ቢበላ ኖሮ ምናልባት... እንጃ።»

«ኪኒኑ ምን ይመስላል?»

ጠርሙስ አውርዶ ክዳኑን ከፈተ። «ነጭ ነው፣ ትንሽ። ደንበኛ ሁሉ የሚያማርረው ሽታውን ነው። ያሽቱት።»

አሸተትኩት።

እርጥብ ድርቆሽ ነው።

እጄ ሳላዘው ወደ ኮቴ ኪስ ገባ። ፖስታውን አወጣሁ። «ከኪስ የተገኘ» ይላል፤ ኮቱን ስቀበል ማንጠልጠያው ላይ ተይዞ የመጣልኝ ነው። እኔም ሳልከፍተው ኪሴ መልሼው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ እጄን እየከተትኩ ሳላይ ስውጥ ነበር። ገለበጥኩት። ሦስት ፍሬ ቀርቷል። የእኔ መድኃኒት መሃሉ ላይ መስመር አለው። እነዚህ የላቸውም።

ሻጩ አንዱን አንስቶ አሸተተ። «የእኔ ነው። እርስዎም ጀምረዋል እንዴ?» ፈገግ አለ። «ምን ያሳፍራል? ስም አልጠራም እንጂ አለቆችዎም ይወስዳሉ።»

«ውሃ አለዎት?» አልኩት።

*

ላውንደሪዋ ብቻዬን መሆኔን በበሩ በኩል አየች። ካውያውን አቆመች። ሁለት ወንበር አመጣች።

«ጠበቅሁሽ» አለችኝ። «ብቻዋን ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁሽ።»

«ያን ቀን የሁለት ሰው ኪኒን ነበር።»

«የአንቺና የእሱ። ሁለታችሁም በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ሁለቱም ረጥቦ። ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በመሃል የእንፋሎቱ ቧንቧ ለቀቀ። እሱን ዘግቼ፣ እጄን አብርጄ ስመለስ ወረቀቶቹን ጠርጌ ጥያለሁ። ነጭና ነጭ ነው። በግራ ያለው የእሱ ነው ብዬ ከተትኩ። እርግጠኛ ነበርኩ።» ክንዷን ገልጣ አሳየችኝ፤ ቃጠሎው ገና ቀይ ነው። «ሰውዬው ሞተ ሲሉኝ ነው ግራው የቱ እንደነበር የጠፋኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳጅኑ አጠገብሽ ቆሞ? ስለ አንቺ ኪስ?» ቀና አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ኪስ ስገባ ኖሬያለሁ። ያላየሁት የለም። ለባል የሚስቱን፣ ለሚስት የባሏን አውርቼ አላውቅም። ያንቺን ደግሞ አጠቃለሉን አየሁት። የተደበቀ ነገር አጠቃለሉ ያስታውቃል። ከተደበቀ፣ ሰው ፊት አይወራም ብዬ ‹ግን› አልኩሽ። ደግመሽ ‹ግን ምን› ትይኛለሽ፣ ወይ እሱን ውጣ ትይዋለሽ ብዬ ነበር። ዞረሽ ሄድሽ።»

የገለጠችውን እጅጌ መልሳ አወረደች።

«ሚስቱን አሰርሻት አሉ። ሰማሁ። ሦስቴ ጣቢያው በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ፈራሁ።» በመሃረብ አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ነው?»

«የአንቺ እጅ ተሳሳተ» አልኳት። «የእኔ እጅ ግን አልተሳሳተም። እኔ አውቄ ነው የደበቅሁት።»

*

ጣቢያ ስገባ አሮጊቷ ከይሁና ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል። ልጅቷ ጭናቸው ላይ ናት፤ የይሁናን ማኅተም ትልሳለች።

«ልጄን ፍቱልኝ» ይላሉ። «እኔ ነኝ። ኪኒኔን የእሱ ኮት ኪስ የከተትኩት እኔ ነኝ። የእሱ መስሎኝ። አርጅቻለሁ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ተሳሳትኩ። ጻፍ አልኩህ እኮ።»

ይሁና እስክሪብቶውን ይዞ አየኝ።

ከእሱ ጋር ሃያ ዓመት ሠርተናል። ዓይኑ ምን እንደሚል ገባኝ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል። ያረጁ ሴት ተሳሳቱ፤ ማንም በእሳቸው አይጨክንም፤ በሳምንቱ ቤታቸው ይገባሉ። ልጃቸው ዛሬውኑ ትፈታለች። ላውንደሪዋም ካውያዋን ትይዛለች። እኔም ነገ ጠዋት መኪና ውስጥ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። እውነቱን የምናውቀው እኔና አንዲት ሴት ነን፤ እሷ ደግሞ ሰው ኪስ ውስጥ ያየችውን አታወራም።

ይሄን ሁሉ ያሰብኩት ኮቴን ሳላወልቅ በር ላይ ቆሜ ነው። አስቤዋለሁ። አላሰብኩም ብል ውሸት ነው።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «እማማ፣ ስንት ፍሬ ጨመሩ?»

«ሰባት። አንቺ ቆጥረሽ የለ?»

«መቼ?»

«ማለዳ። ከሞተበት ቀን በፊት ባለው ማለዳ።»

«ኮቱ ያን ዕለት ማለዳ ላውንደሪ ነበር።»

ልጅቷ ማኅተሙን ጣለችው፤ ማንም አላነሳውም።

«ውሸት አይችሉበትም፣ እማማ» አልኳቸው። «እኔ ስለምችልበት አውቀዋለሁ።»

ሦስቱን ነጭ ኪኒኖች ይሁና ጠረጴዛ ላይ፣ ከነፖስታቸው አስቀመጥሁ። «የሟቹ ኪኒን እነሆ። የት ገባ ብለህ ነበር። እኔ ኪስ ውስጥ ነው የነበረው። የእኔ ደግሞ እሱ ኪስ ውስጥ።»

ይሁና ፖስታውን አየ፣ እኔን አየ። ቆይቶ፣ «ውሃ የምትጠጪው ለዚህ ነው» አለኝ።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

የእስር ክፍሉን በር ከፍቼ ሚስቲቱን አወጣኋት። ቢሮዬ አስገብቼ በራሴ ወንበር አስቀመጥኳት። እናትየው ልጅቷን ሰጧት። ልጅቷ የእናቷን ሸሚዝ በሁለት እጇ ይዛ ገባችበት፤ ስትውጥ ድምፁ ይሰማል።

«ምን ተገኘ?» አለችኝ ሚስቲቱ።

ቆሜ ነገርኳት። ኪኒኑ የእኔ እንደነበር፣ ደብቄ እንደያዝሁት፣ ሕመሜ እንዳይታወቅ ብዬ እንደሆነ፣ ያሰርኳት ያንን መድኃኒት ስለማውቀው እንደሆነ። ስጨርስ ልጇን ነበር የምታየው። ከያዝኳት ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ።

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ቆይ» አለችኝ። «መጀመሪያ ትጥባ።»

ወጥቼ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ይሁና አዲስ ቅጽ አውጥቷል። ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ፤ ተጠርጣሪ የሚቀመጥበት ወንበር አንድ እግሩ እንደሚወዛወዝ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ስሜን ሳይጠይቀኝ ጻፈ።

«ዕድሜ?»

«ሃምሳ ሦስት።»

«የትምህርት ደረጃ?»

«ሰባተኛ ክፍል። ስምንተኛን አልጨረስኩም።»

«የሚታወቅ ሕመም...» አለና እጁ በልማድ «የለም» ሊጽፍ ወደ ወረቀቱ ወረደ። ፊደሏን ጀምሮ ቆመ። ቀና አለ።

«አለብዎት?»

ከቢሮዬ በር በስተጀርባ ልጅቷ ትን አላትና ሳለች፤ እናቷ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርግ ይሰማል። ከዚያ መጥባቷን ቀጠለች።

«አለ» አልኩት። «ስኳር። አራት ዓመት ሆኖታል። ጻፈው።»

«ይሁና» አላለም። የጀመራትን ፊደል ሰርዞ ጻፈ።